የልብስ እንግሊዝኛ ከቁም ሳጥናችሁ ጀምሮ፦ ለጀማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ጀማሪ የልብስ ስሞችን በዝርዝር ይሸመድዳል። «ሸርት ሸሚዝ፣ ስከርት ጉርድ፣ ሶክስ ካልሲ» እያለ ደብተር ይሞላል። ከዚያ ሱቅ ይገባል፣ ወይም አስተማሪው «ምን ለብሰሃል?» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጠይቀዋል። አፉ ይያዛል። ቃሉን ያውቀዋል፤ ግን ብቻውን ነው የያዘው። ከፊቱ ምን እንደሚገባ፣ ከየትኛው ግስ ጋር እንደሚሄድ፣ አንድ ይሁን ብዙ አልለየም።

ይህ መመሪያ ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ ያስይዛችኋል። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱ። ደረጃ 3ን እና ደረጃ 4ን በፍጹም አትዝለሉ። ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

አራት ነገር አዘጋጁ፦

1. የራሳችሁን ልብስ። ቁም ሳጥንም ሻንጣም ይሁን ግድ የለም።
2. ደብተርና እስክሪብቶ።
3. ድምፅ የሚያሰማ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በስልካችሁ ላይ።
4. የስልካችሁን ድምፅ መቅጃ።

ማስጠንቀቂያ፦ እዚህ እንግሊዝኛውን በእኛ ፊደል የጻፍኩት ድምፁን ለማቀራረብ ነው። ፊደላችን የማይዛቸው የእንግሊዝኛ ድምፆች አሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል መዝገበ ቃላቱ ላይ ፈልጉ። ድምፁን ደጋግማችሁ ስሙ። አጻጻፉን ከዚያው ገልብጡ። ከዚህ ጽሑፍ ብቻ ካጠናችሁ አነባበባችሁ ይበላሻል።

አንድ ውሳኔም አሁኑኑ ወስኑ። የአሜሪካን እንግሊዝኛ ነው የምትማሩት ወይስ የእንግሊዝን? ዲቪ ደርሷችሁ ከሆነ ወይም ዘመድ ጋ አሜሪካ የምትሄዱ ከሆነ የአሜሪካውን ያዙ። ሱሪ በአሜሪካ «ፓንትስ»፣ በእንግሊዝ «ትራውዘርዝ» ነው። ስኒከር በአሜሪካ «ስኒከርዝ»፣ በእንግሊዝ «ትሬነርዝ» ነው። ሹራብ በአሜሪካ «ስዌተር» ሲሆን በእንግሊዝ «ጃምፐር» ይበዛል። «ቬስት» ደግሞ በአሜሪካ ሰደርያ ነው፤ በእንግሊዝ ከሸሚዝ ስር የሚለበስ ካናቴራ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለመያዝ አትሞክሩ። አንዱን አጥብቁ፤ ሌላው ሲመጣ ለመለየት አይከብዳችሁም።

ደረጃ 1፦ ልብሳችሁን አውጡና ለዩ

12 ልብስ ብቻ አውጡ። በየቀኑ የምትለብሱትን ምረጡ። ጨርሳችሁ የማትለብሱት ልብስ ስም ቶሎ ይጠፋል። አልጋ ላይ በአራት ክምር አስቀምጡ፦ የላይ፣ የታች፣ የእግር፣ ተጨማሪ። ከዚያ ከሚከተሉት ውስጥ እናንተ ጋ ያለውን ብቻ ያዙ።

የላይ፦ ሸሚዝ «ሸርት»፣ ካናቴራ «ቲሸርት»፣ የሴት ሸሚዝ «ብላውስ»፣ ሹራብ «ስዌተር»፣ ጃኬት «ጃኬት»፣ ካፖርት «ኮት»።

የታች፦ ሱሪ «ፓንትስ»፣ ጂንስ «ጂንዝ»፣ ቁምጣ «ሾርትስ»፣ ጉርድ «ስከርት»። ሙሉ ቀሚስ «ድሬስ» ነው። ጉርዱንና ሙሉውን አትቀላቅሉ።

የእግር፦ ጫማ «ሹዝ»፣ ካልሲ «ሶክስ»፣ ቡትስ «ቡትስ»፣ ሰንደል «ሳንደልዝ»።

ተጨማሪ፦ ቀበቶ «ቤልት»፣ ሻርፕ «ስካርፍ»፣ ጓንት «ግላቭዝ»፣ ከረባት «ታይ»፣ መነጽር «ግላሲዝ»። ኮፍያ ሁለት ነው። ዙሪያውን ክፈፍ ያለው «ሃት»፣ ከፊት ብቻ ምላስ ያለው «ካፕ» ይባላል።

የውስጥ ልብስ በጥቅሉ «አንደርዌር» ነው። ጡት መያዣ «ብራ» ነው። እነዚህን አፍራችሁ አትዝለሏቸው። ሱቅ ስትሄዱም ሐኪም ቤት ስትሄዱም ያስፈልጋሉ።

አሁን እንዲህ አድርጉ፦

1. አንዱን ልብስ በእጃችሁ ያዙ።
2. ስሙን ከመዝገበ ቃላቱ ስሙ።
3. ልብሱን እያያችሁ ጮክ ብላችሁ ድገሙት።
4. ደብተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ጻፉት። ከጎኑ የአማርኛውን ስም አትጻፉ። የልብሱን ትንሽ ሥዕል ሳሉ።
5. ልብሱን አስቀምጡና ወደሚቀጥለው እለፉ።

አልያዝ ያለ ቃል ካለ፦ ያንን ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ አትመልሱት። ወንበር ላይ ተዉት። በገባችሁ በወጣችሁ ቁጥር በስሙ ጥሩት። 12ቱን ሳትጨርሱ አዲስ ቃል አትጨምሩ።

ደረጃ 2፦ የምታውቁት የሚመስላችሁን ቃል አጣሩ

በአማርኛችን ውስጥ የገቡ የልብስ ቃላት አሉ። እንግሊዝኛ ይመስላሉ፤ ግን ትርጉማቸው እንግሊዝኛው ጋ ሌላ ነው። እነዚህን አሁኑኑ ለዩ፦

ኮት። እኛ ኮት የምንለው የሙሉ ልብሱን የላይ ክፍል ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ያንን «ጃኬት» ወይም «ሱት ጃኬት» ይለዋል። እሱ «ኮት» ካላችሁ ካፖርት ማለቱ ነው። በክረምት አገር «ኮት አምጣ» ተብላችሁ የሙሉ ልብስ ኮት ይዛችሁ ብትሄዱ ብርዱ ይቀጣችኋል።

ፓንት። በአማርኛ የውስጥ ሱሪ ነው። በአሜሪካ «ፓንትስ» ተራ ሱሪ ነው። በእንግሊዝ ግን «ፓንትስ» የውስጥ ሱሪ ነው። ለንደን ውስጥ «ፓንትሴ ቆሸሸ» ለማለት ቸኩላችሁ አፍ አትክፈቱ።

ታይት። እኛ የምንለብሰው ታይት በእንግሊዝኛ «ሌጊንግዝ» ነው። «ታይት» ብቻውን «ጠባብ» ማለት ነው። «ታይትስ» ደግሞ ስቶኪንግ ነው።

ስሊፐር። እኛ ለነጠላ ጫማ እንጠቀምበታለን። በእንግሊዝኛ «ስሊፐርዝ» ቤት ውስጥ የሚደረግ ለስላሳ ጫማ ነው። ጣት መሃል የሚገባው ነጠላ ጫማ «ፍሊፕ ፍሎፕስ» ይባላል።

ቦዲ። ሱቅ ገብታችሁ «ቦዲ» ብትጠይቁ ሻጩ ግራ ይገባዋል። በቀጥታ ሲተረጎም ገላ ማለት ነው። «ቶፕ» በሉ።

ደረጃ 3፦ አንድ ነው ወይስ ብዙ?

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። በአማርኛ ሱሪ አንድ ነው። በእንግሊዝኛ ሱሪ ሁልጊዜ ብዙ ነው፤ ሁለት እግር ስላለው። ጂንስ፣ ቁምጣ፣ ፒጃማ፣ መነጽርም እንደዚያው። መጨረሻቸው ላይ ያለውን «ስ» ወይም «ዝ» ፈጽሞ አትቁረጡ።

ደብተራችሁን በሁለት ዓምድ ክፈሉት።

በመጀመሪያው ዓምድ አንድ ሊሆኑ የሚችሉትን ጻፉ። ከፊታቸው «ኤ» ይገባል፦ «ኤ ሸርት»፣ «ኤ ድሬስ»፣ «ኤ ጃኬት»፣ «ኤ ሃት»፣ «ኤ ቤልት»። አማርኛ ይህ ነገር የለውም። ስለዚህ ልሳናችን መርሳት ይወዳል። ቃሉን ሲጀመር ከ«ኤ» ጋር አጥኑት። «ሸርት» ብቻውን የተጻፈበትን ቦታ ሁሉ ሰርዙና «ኤ ሸርት» ብላችሁ ጻፉ።

በሁለተኛው ዓምድ ሁልጊዜ ብዙ የሆኑትንና ጥንድ የሆኑትን ጻፉ፦ «ፓንትስ»፣ «ጂንዝ»፣ «ሾርትስ»፣ «ፓጃማዝ»፣ «ግላሲዝ»፣ «ሹዝ»፣ «ሶክስ»፣ «ግላቭዝ»። ከእነዚህ ፊት «ኤ» አይገባም። አንድ ብላችሁ መቁጠር ከፈለጋችሁ «ኤ ፔር ኦቭ» ጨምሩ፦ «ኤ ፔር ኦቭ ጂንዝ»፣ «ቱ ፔርዝ ኦቭ ሶክስ»።

በጫማና በሱሪ መካከል አንድ ልዩነት አለ። አንድ እግር ጫማ ብቻ ከጠፋባችሁ «ኤ ሹ» ማለት ትችላላችሁ። «ኤ ጂን» ግን የለም። ሱሪ በግማሽ አይገዛም።

ቀጥሎ «ዚስ» (ይህ) እና «ዚዝ» (እነዚህ) የሚሉትን ተለማመዱ። ለአንድ «ዚስ ሸርት ኢዝ ኒው»። ለብዙ «ዚዝ ጂንዝ አር ኒው»። አንድ ሱሪ ብቻ በእጃችሁ ይዛችሁም «ዚዝ» ነው፤ ግሱም «አር» ነው። ሁለቱን ዓምዶች እየቀያየራችሁ፣ ልብሱን እያነሳችሁ፣ ሁሉንም በዚህ ዓረፍተ ነገር አስገቡ።

ሁለት ቃል ከዓምዶቹ ውጭ ይቀራሉ። «አንደርዌር» አይቆጠርም፤ «ማይ አንደርዌር ኢዝ» ይባላል። «ልብስ» የሚለው ጥቅል ቃል ደግሞ ሁልጊዜ ብዙ ነው። ፊደሉ ሲ-ኤል-ኦ-ቲ-ኤች-ኢ-ኤስ ነው። በአንድ ትንፋሽ «ክሎውዝ» ተብሎ ይነበባል። «በር ዝጋ» ስንል ከምንጠቀምበት ግስ ጋር ድምፁ አንድ ነው ለማለት ይቻላል። «ክሎዝስ» እያላችሁ ሁለት ቦታ አትክፈሉት። ያለ ኢ-ኤስ የሚጻፈው ቃል ጨርቅ ማለት ነው። «ጨርቅ መግዛት እፈልጋለሁ» ብላችሁ ልብስ እንዳትጠብቁ።

ደረጃ 4፦ ግሱን ያዙ

አማርኛ ለእያንዳንዱ የአካል ክፍል ግስ አለው። ልብስ እንለብሳለን፣ ጫማ እናደርጋለን፣ ቀበቶ እንታጠቃለን፣ ሰዓት እናስራለን፣ ካልሲ እናጠልቃለን፣ ሽቶ እንቀባለን። እንግሊዝኛ ለሁሉም «ዌር» ይበቃዋል። ሽቶ እንኳ «ዌር» ይባላል። ይህ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ጊዜው ነው። «ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሻለሁ» ስንል የአማርኛው ግስ ያለፈ ይመስላል። ስለዚህ ጀማሪው «አይ ዎር ኤ ብሉ ሸርት» ይላል። ሰሚው ትናንት ነው የሚመስለው። አሁን ገላችሁ ላይ ያለ ልብስ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፦

«አይ አም ዌሪንግ ኤ ብሉ ሸርት።» ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሻለሁ።

«ሺ ኢዝ ዌሪንግ ግላሲዝ።» መነጽር አድርጋለች።

በልማድ የምትለብሱት ሲሆን፦ «አይ ዌር ኤ ዩኒፎርም አት ወርክ።» ሥራ ቦታ ዩኒፎርም እለብሳለሁ።

ትናንት የነበረ ሲሆን፦ «አይ ዎር ኤ ስዌተር የስተርደይ።»

ሦስቱን ቀላቅላችሁ አታጥኑ። ለመጀመሪያው ሳምንት «አይ አም ዌሪንግ» ብቻ ይዛችሁ ቆዩ። ጠዋት ለብሳችሁ ስትጨርሱ መስታወት ፊት ቁሙና ከራስ እስከ እግር ያለውን ዘርዝሩ።

መልበስ የሚለው ድርጊት ራሱ «ፑት ኦን» ነው። ማውለቅ «ቴክ ኦፍ» ነው። «ፑት ኦን ዩር ጃኬት» ጃኬትህን ልበስ ነው። ኤርፖርት ፍተሻ ላይ «ቴክ ኦፍ ዩር ቤልት» ስትባሉ ቀበቶ አውልቁ መባላችሁ ነው። ለመለካት «ትራይ ኦን» ነው። እነዚህን ሦስቱን በእጃችሁ እየሠራችሁ ተናገሩ። ጃኬቱን ስታነሱ «አይ አም ፑቲንግ ኦን ማይ ጃኬት»፣ ለብሳችሁ ስትጨርሱ «አይ አም ዌሪንግ ኤ ጃኬት»። ልዩነቱ የሚገባው ሲሠራ ነው።

አሁንም ከተምታታ፦ ዚፑ ወይም ቁልፉ ገና እየተዘጋ ከሆነ «ፑቲንግ ኦን»፤ ተዘግቶ ካለቀ «ዌሪንግ»።

ደረጃ 5፦ አነባበባችሁን አስተካክሉ

ድምፃችሁን ቅዱና ከመዝገበ ቃላቱ ጋር አወዳድሩ። ጆሮ ካልተገራ አፍ አይስተካከልም። በዋነኛነት የምንሳሳትባቸው እነዚህ ናቸው፦

1. መጀመሪያ ላይ «እ» አትጨምሩ። «እስከርት»፣ «እስካርፍ»፣ «እስዌተር» እንላለን። መፍትሔው «ስስስ» ብላችሁ ጀምራችሁ ሳታቋርጡ «ከርት» ማለት ነው።

2. «ሸርት»፣ «ሾርት»፣ «ስከርት»ን ለዩ። ሸሚዝ፣ አጭር፣ ጉርድ ናቸው። ሦስቱን በፍጥነት አከታትላችሁ ቅዱ። ሌላ ሰው ሰምቶ የትኛው የትኛው እንደሆነ ካልለየ ቀስ ብላችሁ ድገሙ።

3. «ካፕ» ሲባል ኮፍያውም የሻይ ኩባያውም በአፋችን አንድ ይሆናሉ። ለኮፍያው አፋችሁን ሰፋ አድርጋችሁ ክፈቱ፤ ድምፁ በ«ካ» እና በ«ኬ» መሃል ነው። ለኩባያው አፋችሁ ብዙም አይከፈት።

4. «ሱት»። ፊደሉ ኤስ-ዩ-አይ-ቲ ስለሆነ ብዙ ሰው «ስዊት» ብሎ ያነበዋል። ያ ጣፋጭ ማለት ይሆናል። ሙሉ ልብስ «ሱት» ነው።

5. መጨረሻውን ስሙ። «ሹዝ» እና «ጂንዝ» በ«ዝ» ያበቃሉ። «ሶክስ» እና «ቡትስ» በ«ስ» ያበቃሉ። «ድሬስ» ሲበዛ አንድ ክፍለ ድምፅ ይጨምርና «ድሬሲዝ» ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ቀለምና ዓይነት ጨምሩ

ይህ ደረጃ ያሳርፋል። ቅደም ተከተሉ እንደ አማርኛ ነው። «ረጅም ጥቁር የቆዳ ጃኬት» በእንግሊዝኛ «ኤ ሎንግ ብላክ ሌዘር ጃኬት» ነው። መጠን፣ ቀለም፣ ጨርቅ፣ ልብስ። ምንም አይገለበጥም።

ጥጥ «ኮተን»፣ ሱፍ «ዉል»፣ ሐር «ሲልክ» ነው። ውሃ ሰማያዊን «ላይት ብሉ»፣ ጠቆር ያለውን ሰማያዊ «ዳርክ ብሉ» በሉ። ለሌሎች ቀለሞችም «ላይት» እና «ዳርክ» ይሠራሉ። ባለ መስመሩ «ስትራይፕት»፣ ምንም የሌለበት «ፕሌይን» ነው።

አንድ ስህተት ብቻ ተጠንቀቁ። ልብሱ ሲበዛ ቀለሙ አይበዛም። «ብላክ ሹዝ» እንጂ «ብላክስ ሹዝ» አይባልም።

የሀገር ልብስን በተመለከተ፣ ስሙን አትተርጉሙ። «ነጠላ» በሉና አስረዱ፦ «ኢት ኢዝ ኤ ቲን ኮተን ሾል።» ለጋቢ ደግሞ «ኤ ቲክ ኮተን ራፕ» በሉ። ስማቸው የራሳችን ነው፤ ይዘነው መሄድ አለብን።

ደረጃ 7፦ ሱቅ ግቡ

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ከጓደኛ ጋር ተለማመዱ። አንዱ ሻጭ፣ አንዱ ገዢ ይሁን። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ሻጩ «ካን አይ ሄልፕ ዩ?» ይላል። ለማየት ብቻ ከሆነ «አይ አም ጀስት ሉኪንግ፣ ታንክ ዩ» በሉ። ከፈለጋችሁ «አይ አም ሉኪንግ ፎር ኤ ኮት» በሉ።
2. ለመለካት፦ «ካን አይ ትራይ ዚስ ኦን?» ሱሪ ወይም ጫማ ከሆነ «ካን አይ ትራይ ዚዝ ኦን?» መለኪያ ክፍሉ «ፊቲንግ ሩም» ነው።
3. ልክ ካልሆነ፦ «ኢት ኢዝ ቱ ቢግ»፣ «ዜይ አር ቱ ታይት»። ከዚያ «ዱ ዩ ሃቭ ኤ ላርጀር ሳይዝ?» ትንሽ ከፈለጋችሁ «ስሞለር»።
4. ዋጋ፦ «ሃው ማች ኢዝ ዚስ?» ወይም «ሃው ማች አር ዚዝ?»
5. ደረሰኝ ጠይቁ። «ሪሲት» ይባላል። ፊደሉ ውስጥ ፒ አለ፤ አይነበብም። ዕቃ ለመመለስ ሱቁ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

«ቱ»ን ተጠንቀቁ። «ቱ ቢግ» ማለት ከልክ በላይ ሰፍቶኛል፣ አልፈልገውም ማለት ነው። ለአድናቆት አይሆንም። የጓደኛችሁን ቀሚስ ለማድነቅ «ቱ ናይስ» አትበሉ፤ «ቬሪ ናይስ» በሉ።

ሦስት ግሶችንም ለዩ። ልክ ከሆነ «ኢት ፊትስ»። ካማረባችሁ «ኢት ሱትስ ዩ»። ከሌላው ልብስ ጋር አብሮ ከሄደ «ኢት ጎዝ ዊዝ»። ሻጭ «ኢት ሱትስ ዩ» ካላችሁ ስለ ልኩ ምንም አላለም። ልኩን እናንተው አረጋግጡ።

የጫማ ቁጥር ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል። እኛ የለመድነው የአውሮፓውን ነው። 42 ቁጥር የወንድ ጫማ በእንግሊዝ 8፣ በአሜሪካ 9 አካባቢ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ የሴትና የወንድ ቁጥርም አንድ አይደለም። «ፎርቲ ቱ» ብላችሁ ሻጩ ካፈጠጠ «ዩሮፒያን ሳይዝ» ብላችሁ ጨምሩ፤ ከዚያ ለኩ።

ሆቴል፣ ላውንደሪ ወይም ሰው ቤት ለምትሠሩ

ለዓረብ አገር ሥራ የምትዘጋጁ እህቶችና ወንድሞች እነዚህን ጨምሩ፦ ማጠብ «ዋሽ»፣ ማጠፍ «ፎልድ»፣ መስቀል «ሃንግ»፣ መተኮስ «አየርን»። መጨረሻውን ፊደሉ እንደተጻፈ «አይሮን» አትበሉ። ልብሱ ውስጥ ያለውን ትንሽ ጨርቅ ሳታነቡ ምንም አትጠቡ። «ድራይ ክሊን ኦንሊ» ካለ ውሃ አይንካው። «ዱ ኖት ብሊች» ካለ በረኪና አይግባበት። «ዋሽ ኮልድ» ካለ በቀዝቃዛ ውሃ ነው። የአሠሪ ሹራብ በሙቅ ውሃ ከተኮማተረ አይመለስም። ካልገባችሁ ልብሱን ይዛችሁ «ካን አይ ዋሽ ዚስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ቃሉ ድንገት ከጠፋ፦ ዝም አትበሉ። በጣት ጠቁሙና «ዚስ ዋን» በሉ፤ ለጫማና ለሱሪ «ዚዝ»። ወይም ጥቅሙን ተናገሩ። ጓንት ጠፋባችሁ? «ሳምቲንግ ፎር ማይ ሃንድዝ» በሉ። ሻጩ ስሙን ራሱ ይነግራችኋል። ያን ጊዜ ድገሙት።

የተናገረው ካልገባችሁ፦ «ሶሪ፣ ካን ዩ ሴይ ዛት አጌን፣ ስሎውሊ?» በሉ። «የስ፣ የስ» እያላችሁ አትለፉ። የማትፈልጉትን ገዝታችሁ ትወጣላችሁ።

ከሳምንት በኋላ ግማሹ ከጠፋ፦ ወደ ደረጃ 1 አትመለሱ። የጠፋውን ልብስ ብቻ ለዩና ነገ ልበሱት። ቀኑን ሙሉ «አይ አም ዌሪንግ» ውስጥ አስገቡት።

ለመጨረሻ ፈተና አንድ የቤተሰብ ፎቶ አውጡና ለጓደኛችሁ ስጡት። ከፎቶው አንድ ሰው በልባችሁ ምረጡ። ድምፅ መቅጃውን ክፈቱና ስሙን ሳትጠሩ የለበሰውን ብቻ ተናገሩ፦ «ሂ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ዋይት ሸርት፣ ብላክ ፓንትስ ኤንድ ብራውን ሹዝ።» ጓደኛችሁ ሰውየውን በጣቱ ካገኘው ወደሚቀጥሉት 12 ልብሶች እለፉ። ከሳተ የተናገራችሁትን ቅጂ መልሳችሁ ስሙ፤ የተሳሳተው «ኤ» ነው፣ «ዝ» ነው ወይስ ቀለሙ? ያንን ብቻ አርማችሁ ሌላ ሰው ምረጡ።